ከተረተሩ ሥር እስከ ቤሪያ መደብ

በጆሃንስበርጓ ቤሪያ ሰፈር ሴቶች ፍራፍሬ የሚደረድሩበት የራሱ ወግ አለው። የለስላሳ ሳጥን ይገለበጣል፤ ካርቶን ይነጠፍበታል፤ ካርቶኑ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ሳህኖች ይሰለፋሉ። በአንዱ አራት አቮካዶ፣ በአንዱ አምስት መንደሪን፣ በሌላው አንድ ዘለላ ሙዝ። ሚዛን የሚባል ነገር የለም። ለሀበሻ ይሄ አዲስ አይደለም፤ መደብ ነው። ዋጋው የሳህኑ እንጂ የኪሎው አይደለም። ሻጯ ፖሙን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች፣ ዛሬ የሚበላውን አቮካዶ ከፊት፣ የነገውን ከኋላ ታደርጋለች። ገዢው በአውራ ጣቱ መጫን ከጀመረ ዓይኗን እጁ ላይ ትተክላለች። አምስት ሰው የተጫነው አቮካዶ ማታ ሲቆረጥ ውስጡ ጥቁር ነውና።

ከሴቶቹ ኋላ ፖንቴ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተጠናቀቀ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ ባለ 54 ፎቅ ክብ ሕንፃ። ከጆሃንስበርግ ብዙ አቅጣጫ ይታያል። ቤሪያ በአፓርታይድ ዘመን ለነጮች ብቻ የተከለለ ሰፈር ነበር። አሁን ዚምባብዌያዊው፣ ሞዛምቢካዊው፣ ኮንጎዋዊውና ናይጄሪያዊው ይኖርበታል። የእኛም ሰው መሀል ከተማ ጄፒ ጎዳና ወይም ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውሎ ማታ እዚህና አጠገቧ ዮቪል ይገባል። እግረ መንገዱን ከመደቡ አንድ ሳህን አቮካዶ ያነሳል።

ያ አቮካዶ ከየት መጣ ቢባል አብዛኛው ሰው «ደቡብ አፍሪካ ፍራፍሬ ሞልቶ» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጆሃንስበርግ ራሷ ለገበያ የሚሆን ማንጎም፣ ሙዝም፣ አቮካዶም አታበቅልም።

ባሕር ዳርና ቤሪያ

ተማሪ ቤት የተማርነው ቀመር ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ነው። ከፍታው ከታወቀ የሚበቅለውም ይታወቃል። በዚህ ቀመር ብንሄድ ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ገደማ። አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር ግቢው ሁሉ ማንጎ ነው። እና የቤሪያ ግቢ ማንጎ የት ሄደ?

ውርጭ ወሰደው። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ትገባለች። ከፍታ ያበርደናል እንጂ ሌላው ዓለም የሚያውቀው ክረምት አይመጣብንም። ጆሃንስበርግ ግን በደቡብ 26ኛው ዲግሪ ላይ ናት። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በግድግዳ ጥግ ተጠልሎ የሚያድግ አንዳንድ የአቮካዶ ዛፍ አይጠፋም፤ ለእርሻ ግን አይሆንም። ለጋ ቅጠል በአንድ ሌሊት ይቃጠላል።

ስለዚህ ፍራፍሬው ቁልቁል ወርዷል። ከጆሃንስበርግ ወደ ሰሜን በዋናው አውራ ጎዳና ተነድቶ ፖሎክዋኔ እስኪደረስ ድረስ ሜዳው ደረቅና ገላጣ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ አገሩ በድንገት ያልቃል፤ ከፍተኛው ሜዳ ተረተር ሆኖ ይገደላል። ማሁባስክሉፍ የሚባለው ጠመዝማዛ መንገድ በጭጋግና በጥድ መሀል ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ታች ጻኒን ሲደረስ ግራና ቀኙ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

በምሥራቅ በኩልም እንደዚሁ ነው። ምቦምቤላ (የድሮዋ ኔልስፕሩት)፣ ሄዚቪው፣ ማሌላኔ፣ ሁሉም ከተረተሩ ሥር ናቸው። ሕንድ ውቅያኖስ ሞቃት እርጥበቱን ይልካል፤ ተረተሩ ይይዘዋል፤ ዝናብ ይሆናል። ከጆሃንስበርግ በጥቂት ሰዓት መንዳት የሚደረስ ሌላ አየር ነው።

> ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ ውርጩ የሚመጣው ከካርታው ነው።

ሌላም የማናስተውለው ነገር አለ። «የሐሩር ክልል ፍራፍሬ» እያልን የምንጠራው የዚህ አገር ምርት አብዛኛው የሚበቅለው ከሐሩር ክልል ውጭ ነው። የሐሩር ክልል ደቡባዊ መስመር ከፖሎክዋኔ በስተ ሰሜን ያልፋል። ጻኒንም ምቦምቤላም ከመስመሩ ውጭ ናቸው፤ በስተ ሰሜን ያለችው ሌቩቡ ብቻ ለጥቂት ውስጥ ትገባለች። ሙሉ በሙሉ በሐሩር ክልል ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ ደግሞ ጨንቻ ላይ ፖም ታመርታለች። የጋሞ ደጋ ገበሬ ፖምን ከሚሲዮናውያን ካገኘበት ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንድ ነገር ተምሯል፤ ፖም ካልበረደው አያብብም። ስለዚህ ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎች ተመረጡ። ከእነሱ አና የእስራኤል፣ ዶርሴት ጎልደን የባሃማስ ናት። ኬፕ ውስጥ ያሉት ኤልጊንና ሴሬስም ፖም ያመርታሉ። ክረምታቸው የምር ክረምት ነው። የእነሱ ፖም ከየካቲት እስከ ግንቦት ይለቀምና ኦክስጅኑ በተቀነሰበት ቀዝቃዛ ክፍል ተዘግቶበት ይተኛል፤ ኅዳር ላይ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቤሪያ ሳህን ላይ ሲወለወል ትናንት የተቆረጠ ይመስላል።

ሁለት ጊዜ የሚከፈት አበባ

አቮካዶን ትንሽ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። አበባው ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ ሴት ሆኖ የአበባ ዱቄት ይቀበላል፤ ይዘጋል፤ ሁለተኛ ሲከፈት ወንድ ሆኖ ዱቄት ይሰጣል። አንዳንዱ ዝርያ ጠዋት ሴት፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ነው። ሌላው ተገላቢጦሽ። ዛሬ ዓለምን የሞላው ሃስ ከመጀመሪያው ወገን ነው፣ ፉዌርቴ ከሁለተኛው። የጻኒን ገበሬ በሃሱ መሀል የሌላውን ወገን ዛፍ ጣል ጣል ሲያደርግ፣ በአበባ ወራት የንብ ቀፎ ሲያቆም፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሌላው ጠባዩ ዛፉ ላይ አለመብሰሉ ነው። ይደርሳል እንጂ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ገበሬ ይህን እንደ ጎተራ ይጠቀምበታል። ዋጋ ሲወድቅ ዛፉ ላይ ይተወዋል፣ ሲነሳ ይለቅማል። በዛፉ ላይ በቆየ ቁጥር ውኃው ይቀንሳል፣ ቅባቱ ይጨምራል።

ሃስ ራሱ የአንድ ፖስተኛ ጓሮ ዛፍ ነበር። ሩዶልፍ ሃስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ላ ሃብራ ሃይትስ በሚባል ቦታ ዘሩን ተክሎ ያገኘውን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1935 በስሙ አስመዘገበው። በዓለም ላይ ያለው ሃስ ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ፣ ከሌላ ሥር ጋር እየተገጠመ የተባዛ ነው። ጻኒን አካባቢ ዌስትፋሊያ የሚባለውን ትልቅ እርሻ ያቀናው ሃንስ ሜሬንስኪ ደግሞ ገበሬ ሳይሆን የከርሰ ምድር ሊቅ ነበር። የደቡብ አፍሪካን የፕላቲኒየም ክምችት እ.ኤ.አ. በ1924 ያገኘው እሱ ነው፤ ከማዕድን ባገኘው ገንዘብም መሬት ገዛ። ይህ አገር ከምድር ሥር ያወጣውን ገንዘብ ዛፍ ላይ የማዋል ልማድ አለው።

ኢትዮጵያ አቮካዶን ያየችው በ1938 እ.ኤ.አ. ገደማ በሂርናና በወንዶ ገነት እንደሆነ ተጽፏል። ከዚያ ወደ ሲዳማ፣ ወላይታ፣ ሀዲያና ከምባታ ወጣ፤ ከእንሰትና ከቡና አጠገብ በየጓሮው ቆመ። አብዛኛው ከዘር የበቀለ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ከጎረቤቱም አይመሳሰልም። አንዱ ረዥም አንገት፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ውኃ። ለጎረቤት ቡና ማጣጫ ይህ ጸጋ ነው። ሦስት መቶ ካርቶን እኩል ለሚፈልግ ገዢ ግን ራስ ምታት ነው። በጆሃንስበርግ ካሉት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የመጡ ናቸው። የአያታቸው ጓሮ አቮካዶ ዛፍ ሥር ሞልቶ ይረግፋል፤ እነሱ የጻኒኑን በራንድ ይገዛሉ። ጣዕሙን ስትጠይቃቸው ግን ለቤታቸው ይፈርዳሉ፤ የዚህኛው ቅባቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። የተፈለገውም እሱ ነው።

ሲቲ ዲፕ

ከቤሪያ ወደ ደቡብ፣ መሀል ከተማውን አልፎ፣ የድሮ ወርቅ ማዕድን በነበረው ሲቲ ዲፕ ላይ የአፍሪካ ትልቁ የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ገበያ አለ። ወደዚህ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ከዚያ በፊት ኒውታውን ነበር። ኒውታውን ያለው የሕንዶች ፍራፍሬ ገበያ ሕንፃ ባዶ ሲቀር በ1976 ቲያትር ቤት ሆነ። አፓርታይድን ፊት ለፊት የተጋፈጠው የማርኬት ቲያትር የተወለደው ሙዝና ማንጎ ይሸጥበት በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ሲቲ ዲፕ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። አሠራሩን ያላወቀ ሰው ደላላውን ባለቤት ያደርገዋል። ገበሬው ምርቱን ይልካል እንጂ አይሸጥም። ደላላው አዳራሽ ውስጥ ደርድሮ በገበሬው ስም ይሸጣል፣ ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ገበያውም ድርሻውን ይቆርጣል፣ የቀረው ለገበሬው ይላካል። ዋጋው የዚያ ማለዳ ዋጋ ነው። ሦስት መኪና ማንጎ አብሮ ከገባ ይወድቃል፤ ዝናብ መንገድ ከዘጋ ይወጣል። ገበሬው ሳምንት ሙሉ የለቀመው ስንት እንዳወጣ የሚያውቀው ከተሸጠ በኋላ ነው። በዚህ የሚያማርር ገበሬ ብዙ ነው፤ ደላሎቹ ደግሞ ያለ እኛ ምርታችሁ መኪና ላይ ይበሰብሳል ባዮች ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የአቮካዶ ካርቶን ላይ ቁጥር አለ። 14፣ 16፣ 18፣ 20። አራት ኪሎ በሚይዘው ካርቶን ውስጥ ስንት ፍሬ እንደገባ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ፍሬው ትልቅ ነው። ትልልቁና ቆዳው የጠራው በደርባን ወይም በኬፕታውን ወደብ ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ንፋስ ከቅርንጫፍ ጋር ያፋተገው፣ ጠባሳ ያለው፣ አንሶ የቀረው እዚህ ይቀራል። የቤሪያ ሴቶች የሚፈልጉትም እሱን ነው፤ ትንሽ ፍሬ በሳህን ላይ ብዙ ይመስላል። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ባኪ (ፒካፕ መኪና) ይከራያሉ፣ ሳጥኑን ይካፈላሉ፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ ለመመለስ ይጣደፋሉ። ጠባሳ ከቆዳ አያልፍም። አውሮፓ ያልፈለገውን የሚበላ የቤሪያ ሰው በጣዕም አንዳች አልቀረበትም።



ሙዙ ሌላ መንገድ አለው። ከኪፐርሶል፣ ከሌቩቡ፣ ከፊሉም ከሞዛምቢክ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። የሙቀት መጠኑ ቁጥጥር በሚደረግበት ክፍል ውስጥ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቀቅበታል፤ በአራት አምስት ቀን ቢጫ ይሆናል። ኤቲሊን ፍሬው ራሱ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ነው፣ ሰው ቀድሞ ይሰጠዋል። አዲስ አበባም ይህን ታውቃለች፣ በሌላ መልክ። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ የአርባ ምንጭን ሙዝ በታሸገ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ ሲያበስል ኖሯል። በደንብ ያልተቃጠለ ላምባ ከጭሱ ጋር ኤቲሊን ያወጣል። ሳይንሱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሙዙ ላይ የሚቀረው የጋዝ ሽታና ከሳጥኑ ሥር የተደፈጠጠው ነው። አትክልት ተራው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ጃንሜዳ ገባ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ፤ ሙዙ ግን አሁንም ብዙውን መንገድ በክፍት መኪና ላይ ተቆልሎ ነው የሚመጣው። አገራችን የማይበቅልባት ነገር የለም እያልን መኩራት እንወዳለን። ማብቀሉ የሥራው ግማሽም አይደለም።

በደቡብ አፍሪካ በኩልም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። መብራት በተራ ይጠፋ በነበረበት ጊዜ ማቀዝቀዣ ያለው ሁሉ ጄነሬተር ፍለጋ ይሮጥ ነበር። መንገድ ዳር የምትሸጠው ሴት ደግሞ ከሁሉ በላይ የምትፈራው የከተማውን ፖሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ከተማዋ «ኦፕሬሽን ክሊን ስዊፕ» ብላ ሺዎችን ከመሀል ከተማ ጠርጋ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ከሰሱ፤ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ ላይ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ አዘዘ። ፍርዱ ቢኖርም አፈሳው በየጊዜው ይመለሳል። ሳጥን ሙሉ አቮካዶ ሲወረስ የጠፋው የአንድ ቀን ትርፍ ብቻ ሳይሆን የነገው መነሻ ነው።

የማን መሬት፣ የማን ዛፍ

ሌቩቡ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ሸለቆው ለምለም ነው፤ ሙዝ፣ ሊቺ፣ ዘይቱን፣ አቮካዶ፣ ማካዳሚያ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የቬንዳና የጾንጋ ነዋሪዎች ከዚያ ተነቅለው መሬቱ ለነጭ ሰፋሪዎች ተሰጠ። ከአፓርታይድ በኋላ ተወላጆቹ በሕግ ጠየቁ፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራቬሌን የመሳሰሉ ማኅበረሰቦች እርሻዎቹን መልሰው ተረከቡ። የተረከቡት ባዶ መሬት ሳይሆን ቆሞ ማዳበሪያ፣ ውኃ፣ ገበያ የሚጠይቅ ዛፍ ነው። አንዳንዱ ተሳካለት፤ አንዳንዱ ገንዘብ አጥሮት አረም ዋጠው። መሬቱን መመለስና እርሻውን ማስቀጠል ለየብቻ ሥራ ናቸው።

በመሀሉ ማካዳሚያ የሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬ መጣ። እስያ በደህና ዋጋ ገዛው፤ ገበሬው ሙዙንም ሊቺውንም እየነቀለ ተከለ። በ2022 እና በ2023 ዋጋው ወደቀ። የነቀለው ሊቺ ደግሞ ተመልሶ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈልጋል። ጫትና ባሕር ዛፍ እየተፈራረቁ መሬቱን ሲወስዱ ያየ የሀገር ቤት ገበሬ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል።

በለስን ያዳነና ያጠፋ

ጥር ላይ በጆሃንስበርግ ዙሪያ መንገዶች በለስ ይሸጣል፣ እሾሁ ተጠርጎ። ለትግራይ ሰው ልብ የሚነካ ነገር ነው። ግን በለስ ለሁለቱ አገሮች ሁለት የተለያየ ዕጣ ነበረው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በተለይ በምሥራቅ ኬፕ፣ በለስ የግጦሹን መሬት ወርሮ ከብት መድረሻ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መንግሥት በለስ የሚበላ የእሳት ራትና ነጭ ዱቄት የሚመስል ተባይ ሆን ብሎ ለቀቀ፤ ወረራው ተገታ። ትግራይ ውስጥ በለስ በክረምት ወራት የሰው ምግብ፣ የከብት መኖ፣ የአጥር ከለላ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዚሁ ተባይ ዘመድ የሆነ ነፍሳት ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ገባ። ከቁጥጥር ውጭ ወጣ፣ በደቡባዊና በደቡብ ምሥራቅ ዞኖች የበለሱን ጫካ አደረቀ። አንዱ አገር ለመከላከያ ብሎ ያስገባውን ጥፋት ሌላው በገቢ ስም አስገባው።

ማንጎም አልተረፈም። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያደርገው ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ ታይቶ፣ ከዚያ በየአቅጣጫው ተስፋፋ። ደቡብ አፍሪካ ይህን ተባይ ከእኛ ቀድማ ታውቀዋለች፤ ዛፉን አሳጥሮ በመግረዝና የተባዩን ጠላቶች በመጠበቅ ትቋቋመዋለች። የእኛ የማንጎ ዛፍ ግን ዋርካ አክሎ ነው የሚቆመው፤ ልግረዘው ቢሉትም መሰላል አይደርስበትም።

ጭማቂና ጾም

ጄፒ፣ አሁን በመንግሥት ካርታ ራሂማ ሙሳ በተባለው መንገድ ላይ፣ ከቡናውና ከክትፎው ጎን ስፕሪስ አለ። አቮካዶ ከሥር፣ ማንጎ ከመሀል፣ ፓፓያ ከላይ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት በማንኪያ የሚበላ። ሦስቱን በአንድ ወር ትኩስ ማግኘት እዚህ ቀላል አይደለም። ጭማቂ ሠሪዎች የዓመቱን ዑደት ከአጽዋማት ጋር አስተሳስረው ነው የሚያውቁት።

ጾመ ነቢያት ኅዳር አጋማሽ ሲገባ የሀገሩ አቮካዶ አልቆ ይሆናል። ዋጋው ይወጣል፤ ከውጭ የመጣው ይገባል፤ ብርጭቆው ውስጥ አረንጓዴው ይሳሳል። በምትኩ የማሌላኔ ሊቺና የሁድስፕሩት ማንጎ ይጎርፋል። መጀመሪያ ቀዩ ቶሚ አትኪንስ፣ ቀጥሎ ኬንት፣ ኋላ ኪት። ቶሚ መልኩ ያምራል፣ ቃጫው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ የሚያውቅ ሰው ኬንትን ይጠብቃል። ለገና የሚጠጣው እንግዲህ ማንጎ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲይዝ ፉዌርቴው መድረስ ይጀምራል። ቆዳው ሲበስልም አረንጓዴ ስለሚቀር የሃስን መጥቆር የለመደ ገዢ ገና ጥሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። የመጀመሪያው ለቀማ ውኃ የበዛበት ነው፤ ጭማቂው ይቀጥናል፤ ደንበኛም ውኃ ጨመራችሁ ብሎ ይነጫነጫል። ጭማቂ ሠሪዋ አልጨመርኩም ብላ ትምላለች። ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ እንዲመጣም ትነግረዋለች፤ እስከዚያ ዛፉ ላይ የቆየው ቅባቱን ይይዛል፣ ሃሱም ይገባል፣ ደንበኛውም ጾሙን ፈቶ ሥጋ ቤት ይሆናል።